በነጻ የመጣው ሲስተምና የነገሌው መልስ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ነጻ ነገር ውድ ነገር አላየሁም። አትሳቁ! ገንዘብ ከፍላችሁ የምታመጡት ዕቃ ዋጋውን ፊት ለፊት ይነግራችኋል፤ ትከራከራላችሁ፣ ትቆጣላችሁ፣ ጥላችሁ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ፣ በመጨረሻ ትገዛላችሁ፣ አለቀ። ነጻው ግን ዝም ብሎ ነው የሚገባው። እንደ ጨዋ እንግዳ አንገቱን ደፍቶ፣ «ስለኔ አታስቡ፣ ጥግ ይበቃኛል» እያለ ይገባና፣ ከርሞ ስታዩት አልጋው ላይ የተኛው እሱ፣ መሬት የተኛችሁት እናንተ ናችሁ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከፍሪጅ ነው። እዚህ ናዝሬት፣ የኔ ምግብ ቤት ሽሮ የለመደ አንድ የፋብሪካ ባለሙያ ፈረንጅ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ቁመቱ እኔን የሚያህል ፍሪጅ «ለእማማ» ብሎ በነጻ ሰጠኝ። እልልታዬ ባቡር ጣቢያ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ፍሪጁ በበሩ አልገባ አለ፤ በሩን አስፈረስኩ። ሶኬቱ ከኛ ግድግዳ ጋር አልተዋወቀም፤ ባለሙያ አስጠራሁ። የተሰካ ዕለት የሠፈሩ አምፖል ሁሉ ድንግዝግዝ አለና ጎረቤት ተቆጣ፤ ለጎረቤት ዕርቅ ጠላ ጠመቅሁ። ዛሬ የዓመት በዓል ሰሃኖቼን አስቀምጥበታለሁ። በናዝሬት ከተማ እንደኔ መብራት የሚበራበት ቁምሳጥን ያላት ሴት ካለች ትምጣ! በነጻ እኮ ነው።

ታዲያ ሰው ከፍሪጅ የተማረውን ለፍሪጅ ብቻ ነው የሚያውለው። ሌላ ነጻ ነገር ሲመጣ እንደ ገና አፉን ከፍቶ ይቀበላል።

የወንድሜን ልጅ ደረጀን ታውቁት እንደሆነ አላውቅም፤ ካላወቃችሁት ጉዳቱ የናንተ ነው። እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ጎበዝ ተማሪ ስለነበር መንግሥት ወደ አንድ ወዳጅ አገር ላከው፤ በረዶው እስከ ጉልበት ወደሚደርስበት። እዚያ ዓመታት ተቀምጦ ኮምፒዩተር የሚባለውን ተማረና፣ በናዝሬት ፀሐይ የበግ ጠጉር ኮፍያ አድርጎ ከአውቶቡስ ወረደ። ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ኮፍያውን ግን አያወልቅም። እንዴት እንደ ኮራሁ! የተመደበው ደግሞ ከምግብ ቤቴ ፊት ለፊት ካለው የአትክልት መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ወደ ዓለም ጤናና ወደ መቂ ያሉትን የሽንኩርትና የቲማቲም እርሻዎች የሚያስተዳድረው። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ምሳውን እኔ ቤት ይበላል፣ ወሬውን እኔ ጆሮ ላይ ያራግፋል።

አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «አክስቴ፣ ማሽኑ ብቻውን ብረት ነው። ዋናው ማሽን አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ በየቢሮው ያሉት ትንንሾቹ በገመድ እየጠየቁት እሱ ያስተናግዳቸዋል። ግን ማን ቀድሞ እንደሚስተናገድ፣ ምኑ ከየት እንደሚወጣ የሚያዘው ሲስተም የሚባለው ነው። ሲስተም ከሌለ ማሽኑ አይንቀሳቀስም።»

እኔ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የምስክር ወረቀቱን የሰጡኝም ማንበብ ከመቻሌ በፊት ነው። ይህችን ግን ከአፉ ቀለብኳት። የኔን ምግብ ቤት ተመልከቱ። ምድጃው አለ፣ ድስቱ አለ፣ ሽንኩርቱ በጆንያ ተቀምጧል፣ ደንበኛው ማንኪያውን ይዞ ተደርድሯል። ወጥ ቤቷ ካልመጣች ግን ምሳ የለም! ሁሉ ነገር አለ፣ ምሳ የለም። ሲስተም ማለት የማሽን ወጥ ቤት ማለት ነው። ተማሩ እንግዲህ፣ የማስተምራችሁ በነጻ ነው።

አሁን ወደ ልቡ ጉዳይ። ደረጀ ነገሌ ሄዶ ነበር፣ አርሲ ነገሌ፣ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ። ሲመለስ ምሳውን አልበላም። «ምነው?» ስለው፣ «አንዲት የሒሳብ አስተማሪ አየሁ» አለኝ። ጫልቱ ትባላለች። አባቷ ኦቦ ገመዳ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ድምፃቸው ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ሽማግሌ ተላከ፤ እኔም ሴት ነኝ ብዬ አልቀረሁም፣ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ኦቦ ገመዳ ስለ ሀብት አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ትልቋን ልጃቸውን ለአንድ ሹፌር ድረው ነበር። በመልሱ ዕለት፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ በጉ ታርዶ፣ አገሩ ተሰብስቦ፣ ሙሽራው «ሥራ አለብኝ» ብሎ ቀረ። ለአማች የተቀመጠው ጎድን ሰፌድ ላይ እንዳለ ደረቀ። ነገሌ ገበያ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ቀጠሮ ሲያፈርስ «የኦቦ ገመዳ ጎድን አደረግኸኝ» ይባባላሉ። እንግዲህ አስቡት።

«ልጄን የምሰጠው ስጠራው ለሚመጣ ሰው ነው» አሉ። «የመልስ ዕለት እዚህ ቤት ያልተገኘ አማች፣ ሚስቱን ከዚህ ቤት አይወስድም። እሷ እኔ ጋ ትቀመጣለች፣ እሱ ሥራው ጋ ይቀመጥ።»

ሽማግሌዎቹ «ይመጣል» አሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ «በእግሩ ይመጣል!» ብዬ ጨመርኩ። ከናዝሬት ነገሌ በእግር! ደስታ ሲይዘኝ አፌን የሚይዝ ሰው ያስፈልገኛል፣ አንድም ጊዜ ተገኝቶ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ነው የሲስተሙ ምርጫ የመጣው። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጓድ መንገሻ ይባላሉ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሆዳቸው ብቻ ትንሽ ቀደም ይላል። ከደረጀ ጋር እኔ ቤት ምሳ እየበሉ ጉዳዩ ተነሣ። እኔ ባንኮኒ ተደግፌ ጆሮዬን ላክሁ።

ደረጀ እንጀራውን አስቀምጦ አስረዳ። «ሁለት ሲስተም ቀርቦልናል። የምሥራቁ በነጻ ነው፤ ወዳጅ አገር ልኮልናል። ነገር ግን መጽሐፉ ሁሉ በነሱ ቋንቋ ነው፣ ከኔ በቀር የሚያነበው የለም። ቢበላሽ የሚጠየቀው ሰው ያለው እዚያ በረዶ ውስጥ ነው። የምዕራቡ በዶላር ነው፤ ግን አዲስ አበባ የሚያውቁት አሉ፣ ብንደውል በማግስቱ ሰው ይመጣል። እኔ ብታመም፣ ወይም» እዚህ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ለሠርግ ለምናምን ብሄድ፣ ሥራው አይቆምም።»

«ዶላር!» አሉ ጓድ መንገሻ፣ እባብ እንደ ረገጠ ሰው። «ጓድ ደረጀ፣ የምሥራቁን ቋንቋ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ? አንተ አለህ አይደል?»

«እኔማ አለሁ ጓድ። ችግሩ እኮ እሱ ነው።»

ማንም አልሰማውም። እኔማ ጭራሽ! ጭልፋዬን እንደ ያዝኩ እልል አልኩ፤ የወንድሜ ልጅ ጭንቅላት ለመንግሥት ዶላር አተረፈ እኮ ነው! በዚያ ደስታ ለጓድ መንገሻ አንድ ቅልጥም በነጻ ጨመርኩላቸው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየቀኑ ቅልጥሙን ይጠብቃሉ። አያችሁ?

በሳቸውም አልፈርድም። ለዶላር ማመልከቻ ያስገባ ሰው መልሱን የሚያነብለት የልጅ ልጁ ነው። ነጻ ደግሞ ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ያምራል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሉ የለ? እኛ ሣሩን አይተን በጭብጨባ ፈረምን።

ማሽኑ መጣ። አቤት የዚያን ቀን ሰው! ወረቀት እየተረተረ ሲያወጣ ጸሐፊዎቹ ተቃቀፉ። ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ሙቀት አይወድም፣ አቧራ አይወድም። ናዝሬት ደግሞ ሙቀትና አቧራ ካወጣችሁላት ምን ይቀራታል? ስለዚህ ክፍሉ ታሸገ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ማቀዝቀዣ ተገጠመ፣ ለማቀዝቀዣው ሞተር ተገዛ፣ ለሞተሩ ጠባቂ ተቀጠረ። የሚገባ ሁሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማውን ያወልቃል። የኔ ፍሪጅ ወንድም መጣለት ብዬ ሳቅሁ።

የሁሉ ዋጋ ግን ደረጀ ላይ ነበር። እሑድ ይጠራል፣ ጥምቀት ይጠራል፣ አፉ ውስጥ ጉርሻ እያለ ይጠራል። «ጓድ ደረጀ፣ ዝም ብሏል!» «ጓድ ደረጀ፣ ያልጠየቅነውን ይመልሳል!» ጫልቱ ቅዳሜ ከነገሌ ስትመጣ የምታገኘው እዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የናዝሬት ፍቅረኞች በራስ ሆቴል ጥላ ሥር አናናስ ጭማቂ ሲጠጡ፣ እነዚህ ጋቢ ለብሰው፣ በካልሲ ተቀምጠው፣ እሷ ከዚያ ወፍራም መጽሐፍ እሱ ያስተማራትን የባዕድ ፊደል ትጠራለች፣ እሱ ይተረጉማል። እንዲህ ያለ መተጫጨት ከአዳም ጀምሮ አልተሰማም። ልጅቷ ግን አልተማረረችም። «አዳዳ፣ ደስ ይላል እኮ፣ እንደ ሒሳብ ነው» ትለኛለች። አዳዳ ማለት በነሱ ቋንቋ የአባት እህት ናት፤ ስትጠራኝ ልቤ ቅቤ ይሆናል።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ያማረ ነበር፣ እሱን ሌላ ቀን ካገኛችሁኝ ጠይቁኝ፣ እስክትሰለቹ አወራላችኋለሁ። የመልሱ ዕለት ረፋድ ላይ ሙሽሮቹ ካባቸውን ደርበው፣ እኔና ሚዜዎቹ በኋላ መኪና ሆነን፣ ወደ ነገሌ ጉዞ ጀመርን። ሞጆን አለፍን። ዓለም ጤና ልንገባ ስንል ከኋላችን ላንድሮቨር ጡሩምባውን እየነፋ መጣና ከፊታችን ተገተረ። አቧራው ሲገለጥ ጓድ መንገሻ ናቸው። ፊታቸው ዱቄት የነካው ዳቦ መስሏል።

«ጓድ ደረጀ! ቆሟል!»

«ምኑ?»

«ሁሉም!»

አንደኛው ሚዜ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። «ዛሬ መልስ ነው እኮ ጓድ!»

«አውቃለሁ! ተጠርቼ የለም እንዴ!» ብለው የጥሪ ካርዱን ከደረት ኪሳቸው መዘው አሳዩን። ምስኪን፣ ለድግሱ ለብሰው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ከገባ ወዲህ የጭነት ወረቀት የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው፤ በእጅ መጻፉ ቀርቷል፤ ማኅተሙ ሁሉ ተሰብስቦ ተቆልፎበታል። ወረቀት ያልያዘ ቲማቲም ደግሞ ከእርሻው በር አይወጣም። ዘበኛው አባቱ ቢሆን አያሳልፈውም። ከመንገዱ ዳር ስመለከት የለቀሙት ሴቶች ሳጥኑን ደርድረው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ መኪኖቹ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፣ ከታችኛው ሳጥን ሥር ቀይ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል።

ደረጀን አየሁት። አንድ ዓይኑ ቲማቲሙ ላይ፣ አንድ ዓይኑ የነገሌ መንገድ ላይ። ቢሄድ የዚያ ሁሉ ሰው ድካም ይበሰብሳል፤ ቢመለስ ሚስቱ አባቷ ቤት ትቀራለች። እውነቴን ነው፣ እኔ ዘነበች ቃል ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የተናገረችው ጫልቱ ናት። የካባዋን ጫፍ ሰብስባ ከመኪናው ወረደች።

«እንመለስ። መጽሐፉን ማን ያነብልሃል? አዳዳ፣ እርስዎ ግን ይቀጥሉ። አባዬን ያምጡልን።»

«ወዴት ነው የማመጣቸው ልጄ?»

«ወደ ማሽኑ።»

ሙሽሮቹ በላንድሮቨር ወደ ናዝሬት፣ እኔ ሙሽራ በሌለው የሙሽራ መኪና ወደ ነገሌ። ዝዋይን ሳልፍ ሐይቁን እንኳ አላየሁትም፤ የማያት ያቺ ሰፌድ ላይ የደረቀች ጎድን ነበረች።

ነገሌ ስንደርስ ከበሮው ጮኸ፣ ሕፃናት ሮጡ፣ ከዚያ መኪናው ተከፍቶ እኔ ስወርድ ከበሮው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ጭጭ አለ። ኦቦ ገመዳ ቡልኮአቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል።

«ታሟል?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ነው።»

«ተጣሉ?»

«አብረው ናቸው፣ እንደ መንታ!»

«ታዲያ?»

«የታመመው ማሽኑ ነው ኦቦ ገመዳ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን አወጣ። ኦቦ ገመዳ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዞሩ። «ይህ ማሽን ዘመድ የለውም?»

«የለውም። ከደረጀ በቀር ቋንቋውን የሚሰማው የለም። በነጻ የመጣ ነው።»

«አሃ!» አሉ። «በነጻ!» ዕድሜ ልካቸውን እህል የነገዱ ሰው ናቸው፤ ያቺን ቃል ሲሰሙ ጆንያ የተቀደደባቸው ነው የሚመስሉት። ከዚያ ድስቶቹን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ወደ መንገዱ አዩ። ያኔ ነው አፌ የተመለሰልኝ።

«ኦቦ ገመዳ! እርስዎ ያሉት ሲጠሩት ለሚመጣ ሰው ነው። ይኸው፣ ልጁ ሲጠሩት የሚመጣ ሰው ነው! ዛሬ የቀደመዎት ማሽኑ ብቻ ነው። የጠራውን ሁሉ ጥሎ የሚሮጥ አማች ቢሆን ነገ እርስዎንስ መች ይሰማል?»

መጀመሪያ ሆዳቸው ነው የሳቀው። ቡልኮው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ያ የገበያ ድምፅ ወጣ፦ «ኢንተላ ኮ የት ናት?» ልጄ የት ናት ማለታቸው ነው።

«አጠገቡ። መጽሐፍ ታነብለታለች።»

«እንግዲያው መልሱ ያለው ልጆቹ ባሉበት ነው። መኪናውን አስነሡ!»

አቤት! አቤት! እህል የሚጭኑበት አሮጌ ፊያት ቀረበ። ድስት ከነፍሙ ወጣ። የእንጀራው ሌማት፣ የጠላው ጋን፣ በጉ ጥሬውም ወጡም፣ ከበሮው፣ አዛውንቶቹ ጆንያ ላይ ተነጥፎላቸው፣ እኔ ዶሮ ወጡን በሁለት ጉልበቴ አቅፌ። የቀረ ቢኖር ቡችላው ብቻ ነው፣ እሱም እስከ ከተማው ጫፍ ተከተለን። ዘፈኑ ነገሌ ጀምሮ ዝዋይ አልቆመም፣ መቂ አልቆመም። ፊያቱ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር እልልታው ከፍ ይላል፣ ወጡም አብሮ ከፍ ይላል። ቀሚሴ ዛሬም ይመሰክራል።

ኬላው ላይ ለፍተሻ ቆምን። ፈታሹ መሰላሉን ወጥቶ ገብሱን ሲጠብቅ አዛውንት አገኘ።

«ይህ ምንድነው?»

«መልስ ነው» አሉ ኦቦ ገመዳ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ኮምፒዩተር።»

ሰውዬው ብዙ ኮንትሮባንድ አይቷል፣ እንዲህ ያለ ግን አላየም። አለቃውን ሊጠራ ሲዞር አንድ ትልቅ ጉርሻ አፉ ውስጥ ጨመርኩ። እያላመጠ ገመዱን አወረደ።

ናዝሬት ደርሰን ከነከበሮው መሥሪያ ቤቱ ግቢ ገባን። ጸሐፊዎች በመስኮት፣ ሹፌሮች ከየመኪናው ሥር ወጡ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጥኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ደረጀ በወርቅ ጥልፍ ካባ፣ በካልሲ፣ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል። ጫልቱ ካባዋ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ያን መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ ፊደል በፊደል ትጠራለች። «አሁን ሰባተኛውን መስመር» ትለዋለች። «አይ፣ ዘለልክ!» ትለዋለች። የሒሳብ አስተማሪ ናት እኮ። ጓድ መንገሻ ጥግ ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው ጥፍራቸውን ይነክሳሉ።

ኦቦ ገመዳ ለአማች የተቀመጠውን ጎድን በሰፌድ ይዘው ደጃፉ ላይ ደረሱ።

«ምግብ ማስገባት ክልክል ነው!» አሉ ጓድ መንገሻ፣ ከልማድ።

«እሱ ይውጣ ወይስ ጎድኑ ይግባ?»

ማንም ሳይመልስ ማሽኑ መለሰ። ትርርርርር! ወረቀቱ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ምንጣፉ ላይ ወረደ። ጫልቱ መጽሐፉን ወርውራ ባሏን አቀፈችው። እኔ እልልታዬን ለቀቅሁት፣ ማቀዝቀዣው እንኳ የቆመ መሰለኝ። ሹፌሮቹ የጭነት ወረቀታቸውን እየነጠቁ፣ በአንድ እጃቸው ጥብስ ይዘው፣ ወደ ዓለም ጤና በረሩ። ቲማቲሙ ሁሉም ወጣ እንዳልላችሁ እግዜር ይታዘበኛል፤ የታችኛው ሳጥን ድልህ ሆኗል። የቀረው ግን ተረፈ።

ደረጀ ከክፍሉ ወጥቶ የአማቱን ጉልበት ሳመ። ኦቦ ገመዳ ጎድኑን በእጃቸው አጎረሱት፣ ልጃቸውንም አጎረሱ፣ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ በጭነት መኪኖቹ መካከል መረቁ። «ውለዱ፣ ክበዱ፣ ተጠርታችሁ ድረሱ።» ሚስቱን ወሰደ። እኔ አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ዶሮ ወጥ ደፋሁ።

ሁሉ ሰው ከጠገበ በኋላ ኦቦ ገመዳ ጓድ መንገሻን አጠገባቸው አስቀመጡ። «ጓድ፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው አያርስም፣ ይለምናል። ለአማቼ አጋዥ ስጡት።»

ጓድ መንገሻ አፋቸው ሙሉ ነበር። ዋጡና ብድግ አሉ። «ልክ ነው! ሁለተኛ ሰው ይሠለጥናል! ቋንቋውን ግን ማን...» ብለው ሲዞሩ ጫልቱን አዩ። ፊታቸው በራ። «አንቺ አለሽ አይደል?»

አጨበጨብን! ግቢው ተናወጠ! ጫልቱ ከነገሌ ወደ ናዝሬት ትዛወራለች፣ ከባሏ ጋር ትሠራለች፣ ማሽኑም ሁለት ዐዋቂ አገኘ። ከዚህ በላይ ምን መላ አለ? ከዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ የተማረ ያልተማረ፣ ሽማግሌ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ሰው እንኳ ያላሰበው ነገር ነበር። እናንተ አሁን አሰባችሁት መሰለኝ፤ ፈገግ ብላችኋል።

ዘንድሮ የጫልቱ ታናሽ እህት ተዳረች። መልሱ ነገሌ። እንግዲህ የሙሽራዋ እህት ትቀራለች? አትቀርም። አማቹ ደረጀስ ይቀራል? የኦቦ ገመዳ ጎድን ነው የምላችሁ! ሁለቱም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ዐዋቂ ሁለት ሆነ አልን እንጂ፣ ሁለቱም የሚጠሩት ለአንድ ድግስ፣ ለአንድ ልቅሶ፣ ለአንድ ክርስትና ነው። አንዱን በሬ ስናጣ ሁለቱንም በአንድ ቀንበር አጣናቸው።

ገና ወጡ ሳይወጣ የላንድሮቨር ጡሩምባ ተሰማ። ከበሮው ቆመ። ጓድ መንገሻ በድንኳኑ በር ገቡ። ደረጀና ጫልቱ እኩል ብድግ አሉ፣ እኩል ጫማቸውን ፈለጉ። የኦቦ ገመዳ ፊት ተለወጠ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!» አሉ ጓድ መንገሻ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ቲማቲሙን በዋዜማው አስጭኜ፣ ማሽኑን አጥፍቼው ነው የመጣሁት። ቅልጥም አለ?»

አጠገቤ ተቀመጡ። ቅልጥሙን እያንኳኩ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «እትዬ ዘነበች፣ ያን ጊዜ ነጻ ነው ብዬ ስፈርም፣ ከነገሌ ሰው ጋር መዛመዴን ማን ነገረኝ?»

«የዶላሩን ቢመርጡስ ጓድ? ያ የአዲስ አበባው ባለሙያ እህት የለችውም ብለው ነው?»

አሰቡ፣ አሰቡና ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቅልጥማቸው ተመለሱ።

ሰሞኑን ደግሞ የኦቦ ገመዳ የመጨረሻ ልጅ ለማግባት ተነሥቷል። ባለፈው እሑድ ቀን ለመቁረጥ ሁለቱ ወገን ተሰበሰበ፣ እኔም እንደ ልማዴ ከኋላ አለሁ። የልጅቷ ወገን ሽማግሌ አንድ ቀን ጠሩ። ኦቦ ገመዳ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዞሩ፣ ከዚያ ወደ ደረጀ ዞረው፣ አንድ የታመመ ዘመድ ደህንነት እንደሚጠይቅ ሰው፣ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁት፦

«በዚያ ሳምንት ማሽኑ ይመቸዋል ወይ?»